ህልም እንደሆነ እያወቅነው ለምን እውን ይመስለናል?

(ደሴ ውስጥ በአንድ የንባብ ክበብ ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። "ጽሑፉን ላክልን" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ እንደተነገረ አስቀመጥኩት። የነካካሁት ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።)

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! እንዴት አመሻችሁ?

ኧረ ድምፃችሁ የት ሄደ? ብርዱ ነው አይደል? የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከዋለ ማታውን ማን ይችለዋል። አብሽሩ፣ ከኋላ ቡና እየተቆላ ነው። ሽታው ደረሳችሁ? ሽታውን ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልገዋለሁ።

የክበቡን ልጆች አመሰግናለሁ። ስለ ህልም ልናገር ነው ስለው አንድ ወዳጄ "ሰው እንዳይተኛብህ" አለኝ። ብትተኙም አልቀየምም። ለርዕሱ ማስረጃ ትሆኑኛላችሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ህልም እያያችሁ መሀል ላይ "እንዴ! ይሄ እኮ ህልም ነው" ብላችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ከፍ አድርጉት። አያችሁ? ግማሽ አዳራሽ ነው። ተመራማሪዎች የ50 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያሰሉት፣ ከ100 ሰው 55ቱ በሕይወት ዘመኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ህልም አይቷል። 23ቱ ደግሞ በወር አንዴና ከዚያ በላይ ያያል። ስለዚህ እጅ ያወጣችሁ አብሽሩ፣ ጤነኞች ናችሁ። ያላወጣችሁም ጤነኞች ናችሁ።

ፈረንጆቹ ሉሲድ ድሪም ይሉታል። እኔ ለዛሬ የነቃ ህልም እለዋለሁ። ሰውየው ተኝቷል። ህልም ያያል። ህልም እያየ መሆኑን ግን ያውቃል። በቃ ይኸው ነው።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ይሄ ነገር እውነት አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ከውናችን ጋር ሲተያይ ምን ያህል እውን ይመስላል? ሦስተኛ፣ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ሁለተኛው ላይ ልቆይባችሁ ነው፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

ፍቺ የጠበቃችሁ ካላችሁ ደግሞ ልንገራችሁ። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ እኔ ግን ፈቺ አይደለሁም። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ፍቺውን ለሼኾቻችንና ለቄሶቻችን ትቼዋለሁ። ዩሱፍም በሉት ዮሴፍ፣ የህልም ነገር የተሰጠው ሰው አንድ ነው። ወሎ ላይ ቆሜ ይሄን ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

እሺ፣ አንደኛው። አለ ወይ?

ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ አላመኑም ነበር። "ለአፍታ ነቅቶ ነው እንጂ ተኝቶስ አላወቀም" ይሉ ነበር። አይፈረድባቸውም። የተኛ ሰው እንዴት ምስክር ይሆናል? ህልም በሚደራበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን የሰውነታችንን ጡንቻ ያስራል። ባያስር ኖሮ በህልማችን ስንሮጥ ራሳችንን መሬት ላይ እናገኘው ነበር። ከእስሩ የሚያመልጡት የዓይንና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ናቸው።

ዓይን! እንግሊዝ አገር ሃል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኪት ሄርን የሚባል ተመራማሪ ይቺን ቀዳዳ አገኛት። አለን ዎርስሊ የሚባል የነቃ ህልም ማየት የሚሆንለት ሰው ነበረ። ተነጋገሩ። "ህልም ውስጥ መሆንህን ስታውቅ ዓይንህን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አድርግልኝ።" እ.ኤ.አ. በ1975 ምልክቱ መጣ። ማሽኑ ሰውየው ድብን ብሎ መተኛቱን ያሳያል፤ ዓይኑ ደግሞ በውላቸው መሠረት ግራ ቀኝ ይላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካ ስታንፎርድ ውስጥ ስቲቨን ላበርዥ በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ።

ከዚያ ወዲህማ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመንና የኔዘርላንድ ቡድኖች ያወጡት ጥናት አለ። የተኛውን ሰው ያናግሩታል! "ከስምንት ስድስት ሲቀነስ ስንት ነው?" ይሉታል። እሱ ተኝቶ በዓይኑ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ሁለት! እርግጥ ሁሌ አልሠራላቸውም። ከ158 ሙከራ ትክክለኛ መልስ የተገኘው 18 በመቶ ገደማ ላይ ነው። አብዛኛው ላይ መልስ የሚባል የለም። ለአንዱ ሰው ጥያቄው ህልሙ ውስጥ የደረሰው በመኪና ሬዲዮ በኩል ነበር። ይሄ ለእናንተ አዲስ ነው? የሱብሂ አዛን ስንቴ ህልማችሁ ውስጥ ገብቶ ያውቃል? የቅዳሴ ደወልስ? ህልም የሚበዛው ወደ ንጋት ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው። ለዚያ ነው የሚገጥመው።

ስለዚህ አለ። አንደኛውን ጨረስን።

ሁለተኛው። ምን ያህል እውን ይመስላል?

እዚህ ጋ ስለ አያቴ ላውራ። ቤቷ ሐይቅ አጠገብ ነበር። ክረምቱን እሷ ጋ ነው የምንከርመው። የጠዋት ቡና ላይ ህልም ይነገራል። "ህልም አየሁ" ካልኳት ገና ሳትሰማው "ኸይር ነው በል" ትላለች። አንድ ቀን "እማ፣ በህልሜ ህልም መሆኑን አውቄ ውሃው ላይ በእግሬ ሄድኩ" አልኳት። ስኒውን እያለቀለቀች ቀና ብላ አየችኝ።

"ውሃው ቀዘቀዘህ?"

"አዎ።"

"እንግዲያስ ምኑ ነው ህልም?"

ይሄን ጥያቄ ማንም ፕሮፌሰር አልጠየቀኝም። ውሃው ከቀዘቀዘህ ምኑ ነው ህልም?

ካደግኩ በኋላ ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። ከአራዳ ወደ ፒያሳ ቁልቁል እየወረድኩ ነው። ማታ ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል። አንዲት ባጃጅ ሽቅብ መጣች። ሹፌር የላትም። አጠገቤ ስትደርስ ቀስ አለች፣ ጥሩንባ ነፋች፣ አለፈች። ያኔ ገባኝ። ህልም ነው።

እዚህ ጋ ምን ትጠብቃላችሁ? ነገሩ ይደበዝዛል፣ እንደ ጉም ይበተናል፣ አይደል? ጭራሽ ጠራ! አጠገቤ የድንጋይ ግንብ አለ። ሄጄ በመዳፌ ነካሁት። ይሻክራል። ርጥብ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ሲሚንቶ በጥፍሬ ጫር አደረግኩት፤ አሸዋው ጥፍሬ ሥር ገባ። ህልም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግንቡ ግን ይሻክራል። ህልም እንደሆነ አውቃለሁ፤ እጄ ግን ቀዝቅዟል። ህልም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጥፍሬ ሥር አሸዋ አለ!

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይሄ ነው። ማወቅ ህልሙን አያሳሳውም። "ውሸት ነው" ብላችሁ እርግጠኛ የሆናችሁበት ነገር ከእጃችሁ ሥር ሊሻክር ይችላል። እውን መምሰልና እውን መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቀን እንዲህ ተለያይተው አናያቸውም። በነቃ ህልም ውስጥ ግን ፊት ለፊት ይቆሙላችኋል።

"ያንተ ስሜት ነው" የሚለኝ ይኖራል። ጥሩ። እስቲ ሁላችሁም አውራ ጣታችሁን አውጡ። ክንዳችሁን ዘርጉ። ቀስ ብላችሁ በአየር ላይ ክብ ሥሩ፤ በዓይናችሁ ተከተሉት። ዓይናችሁ ያለማቋረጥ ይንሸራተታል። አሁን ጣታችሁን አውርዱ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ያንኑ ክብ በሐሳባችሁ ተከተሉ። አሁን ዓይናችሁ መንሸራተት አይችልም። እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው የዓይን ቆብ ላይ ልታዩት ትችላላችሁ። እናቴ፣ እርስዎ ጎረቤትዎን ይዩ፣ አይሳቁ!

ታዲያ ሰው በነቃ ህልም ውስጥ ሆኖ ጣቱን በክብ ሲከተልስ? እነ ላበርዥ ይሄን ለክተው እ.ኤ.አ. በ2018 አወጡ። ዓይኑ ይንሸራተታል። እንደሚያይ ሰው ነው እንጂ እንደሚያስብ ሰው አይደለም። ለዓይናችን ህልም ከሐሳብ ይልቅ ለማየት ይቀርባል ማለት ነው። ጀርመን አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት በነቃ ህልም ውስጥ ያለ ሰው እጁን ጨብጥ ሲያደርግ፣ ስንነቃ እጅ የሚያንቀሳቅሰው የአንጎል ክፍል ሲሠራ በማሽን ታይቷል። እጁ አልጋው ላይ ዝም ብሎ ተኝቷል።

ጊዜውስ? "በህልም አንድ ደቂቃ ማለት ዓመት ነው" ይባላል። ላበርዥ ህልመኞቹን አሥር ሰከንድ በህልማቸው አስቆጠራቸው። ማሽኑ ላይ ሲታይ በውን ከሚቆጥሩት ጋር ተቀራራቢ ነው። በሌሎች ተመራማሪዎች ጥናት ግን ህልመኞች ቁጢጥ ብድግ ዓይነት ስፖርት ሲሠሩ በህልም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? በአዝማሪ ላስረዳ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ "ተቀበል" ብላችሁ ግጥም ትሰጡታላችሁ። እሱ ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜማል። ነቅተን ስንውል አንጎላችን እንዲህ ነው። ዓይንና ጆሮ እየሰጡት ያዜማል። ስንተኛ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ "ተቀበል" የሚል የለም። አዝማሪው ግን አያቆምም። ከራሱ እያወጣ ይቀጥላል። ማሲንቆው ያው ማሲንቆ ነው፤ ድምፁ ለምን ይለያል?

ሌላ ነገር ላንሳ። "የነቃ ህልም ከእውን የበለጠ እውን ነው" የሚሉ አሉ። ቀለሙ፣ ብርሃኑ፣ ምኑ። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም። ያንን የፒያሳ ግንብ ካየሁ በኋላ በቀን ሄጄ እውነተኛውን ነካሁት። እየዳበስኩት ቆሜ ሳለሁ አንድ ባለሱቅ ወጥቶ "ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። ምን ልበለው? እውነቱን ለመናገር የህልሙ ግንብ ይበልጥ ይሻክር ነበር። ግን ለምን? በዚያ ግንብ አጠገብ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ፤ አንድ ቀን ቆሜ ነክቼው አላውቅም። በህልሜ ግን ሙሉ ልቤን ሰጥቼው ነው የነካሁት። በውናችን ስልክ እያየን ነው የምንሄደው። ለቀኑ ግማሽ ዓይን እየሰጠን ህልምን በሁለት ዓይን ብናየው ማን ያሸንፋል?

እና ደግሞ እውነተኛው ግንብ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። የሆነ ሰው በሚስማር የጻፈው የድሮ የስልክ ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ የጉንዳን ረድፍ። ህልሜ ውስጥ እነዚህ አልነበሩም። ይሄ ወደ ሦስተኛው ይወስደናል፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር።

ነቃሁ ብሎ ማለም የሚባል አለ። የደረሰበት ያውቀዋል። ሰኞ ነው። ተነሳሁ። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ፣ ፊቴ ቆነጠጠኝ። ጃኬት ለበስኩ፣ ታክሲ ያዝኩ፣ ትምህርት ቤት ደረስኩ። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ርዕስ እየጻፍኩ ነው። ጠመኔው ተሰበረ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ስልኬ ጮኸ። አልጋዬ ላይ ነኝ። አልተነሳሁም! እንደገና ያንኑ ቀዝቃዛ ውሃ። ይሄ ፍርድ ነው እንጂ ህልም ነው?

ኢማም አል ጋዛሊ ከ900 ዓመት በፊት ይቺን ነገር ይዘው ተጨንቀዋል። ተኝተህ ሳለ ያየኸውን ጽኑ ነው ብለህ ታምናለህ፤ ስትነቃ መሠረት እንደሌለው ታውቃለህ። ታዲያ አሁን ነቅቼ ነው የምትለውስ በምን ይታወቃል? ለሁለት ወር ገደማ በዚህ ጥርጣሬ እንደቆዩ ራሳቸው ጽፈዋል። የወጡበትም በክርክር ሳይሆን አላህ ልባቸው ውስጥ ባኖረው ብርሃን ነው ይላሉ። የኔን የባዮሎጂ መልስ ከሳቸው ጋር አላወዳድርም። ጥያቄውን ግን ያነሱት በስሜት ብቻ እንዳንተማመን ነው፤ እዚያ ላይ እስማማለሁ።

ሦስተኛው። ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ የማይሠራውን ልንገራችሁ። ራስን መቆንጠጥ አይሠራም። በህልምም ሊያም ይችላል። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዘዴ፣ የማይረባው ዘዴ!

ጽሑፍ ይሻላል። በህልማችሁ የሱቅ ጽሑፍ አንብቡ፣ ዘወር በሉ፣ ተመልሳችሁ አንብቡ። አይረጋም። አንዴ "የልብስ ስፌት" የሚል አነበብኩ። ዞር ብዬ ሳየው "የልብ ስፌት" ሆኗል። ለሦስተኛ ጊዜ ሳየው ፊደሉ ከግዕዝም ከአረብኛም የማይገጥም ጭረት ነው። የስልክ ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሌላው አፍንጫ ነው። አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ ለመተንፈስ ሞክሩ። አየር ከገባ ህልም ላይ ናችሁ። አሁን የሞከራችሁ ሁሉ ታፍናችኋል መሰለኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ነቅታችኋል።

ቅድም ሽታውን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ሰዎች ህልማቸውን ሲያወሩ ማየትና መስማት ሞልቷል፤ ሽታና ጣዕም ግን ጥቂት ነው። በህልሜ ቡና ተቀድቶልኝ ያውቃል። ከጀበናው ሲወርድ መስመሩ ይታያል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ስኒው ጣቴን ያቃጥላል። ሽታ የለም። የሚገርመው መጉደሉ ራሱ አይታወቃችሁም። ፈልጋችሁ ስታጡት ብቻ ነው።

ሰዎችስ? በህልሜ ያገኘሁትን አንድ ሽማግሌ "አባባ፣ ይሄ እኮ ህልም ነው" አልኳቸው። "ያንተ ይሆናል" አሉኝና ሄዱ። ምን ይመለሳል?

ትልቁ ልዩነት ግን ያ የስልክ ቁጥር ነው፤ ያ የጉንዳን ረድፍ። የውኑ ዓለም እኔ የማላውቀውን ይዞ ይጠብቀኛል። ዘወር ብል ይቆየኛል። ነገ ስመለስ እዚያው ነው፤ እናንተም ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። የህልሙን ግንብ ግን ከኔ በቀር ማንም አይነካውም።

ስለ ዱካክ ሳልናገር ብወርድ ትቀየሙኛላችሁ። ዱካክ የነቃ ህልም ግልባጭ ነው። አእምሮ ነቅቷል፤ ሰውነት ግን ከህልሙ እስር አልተፈታም። ክፍሉን ታያላችሁ፣ መንቀሳቀስ አትችሉም፣ ህልሙም ገና አላለቀምና ደረታችሁ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጣል። በጀርባ ስንተኛ ይበዛል፤ እንቅልፍ ሲጓደልም እንዲሁ። በኛ አገር ደግሞ ጫት ያቆመ ሰው ስለ ዱካክ ያወራል። ሰፈራችን አንድ ልጅ ጫት አቁሞ ሳምንቱን "ጣሪያው ወረደብኝ" እያለ ሲነሳ ነበር፤ ቤተሰቡ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። መጥፎ ነው፣ ግን ያልፋል። ሲይዛችሁ አትታገሉ። ረጋ ብላችሁ ተንፍሱ፣ አንዲት ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሩ።

ለወጣቶቹ ደግሞ፣ የነቃ ህልም ለማየት ብላችሁ ሌሊቱን እየቆራረጣችሁ እንቅልፋችሁን አታበላሹ። ነቅቶም እውኑንና ያልሆነውን መለየት የሚቸግረው ሰው ደግሞ ይቅርበት፤ መጀመሪያ ሐኪም ያነጋግር።

ጨርሻለሁ። ጥያቄ? አዎ፣ አንተ ከኋላ ያለኸው።

"ቲቸር፣ ለማትሪክ በህልም ማጥናት ይቻላል?"

(ሳቅ)

ይሄን ጠብቄው ነበር። ጀርመን አገር የተሠራ አንድ ትንሽ ሙከራ አለ። ሰዎች በነቃ ህልማቸው ሳንቲም ስኒ ውስጥ መወርወር ተለማመዱ፤ ጠዋት ሲነሱ በእውን ውርወራቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ስለዚህ ፔናሊቲ ምት ከሆነ ሞክረው። ለማትሪክ ግን ደብተሩ ገጽ በገለጥክ ቁጥር ይለዋወጥብሃል፤ መልሱንም የምትሰጠው ራስህ ነህ፣ የምታርመውም ራስህ። መቶ ከመቶ ታመጣለህ። ቀጣይ ጥያቄ?